ምንትዋብ፤ ከሦስቱ ስሞች የተረፈው

የቋራዋ እቴጌ ሦስት ስም ነበራቸው። የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ፣ ስመ መንግሥታቸው ብርሃን ሞገሳ፣ የዓለም ስማቸው ምንትዋብ ነው። በመጀመሪያው ቆረቡ፣ ሲያርፉም በእሱ ፍትሐት ተደረገላቸው። በሁለተኛው ነገሡ። በሦስተኛው ሰው ጠራቸው። ዛሬ «ብርሃን ሞገሳ» ሲባል ከካህናትና ከታሪክ ሰዎች በቀር ማን እንደሆኑ ወዲያው የሚገባው ብዙ አይደለም። «ምንትዋብ» ሲባል ግን ጎንደርን በእግሩ ያልረገጠም ሰው ያውቃል። ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን ያወጡት ስም ወደ መጻሕፍት ሲገባ፣ ሰው በአፉ የጠራው ስም ከሰው አፍ አልወጣም።

የሚገርመው ሌላው ነገር ነው። ስሙን የማያውቀው የለም፣ ልጁን በዚህ ስም የሚጠራው ግን ጥቂት ነው። እናቶቻችን ዘንድ አልፎ አልፎ ይገኛል፤ በዛሬዎቹ ሕፃናት ዘንድ ግን ብርቅ ሆኗል። ለምን ይህን ያህል እንደተወደደና ለምን እንደቀረ ለማየት ስሙ የቆመበትን ልማድ ጠጋ ብሎ መመልከት ያስፈልጋል።

«ምን ትዋብ!» ብላችሁ ለያይታችሁ አንብቡት። ቆንጆ ልጅ ያየ ሰው ሳያስበው የሚያወጣው ቃል ነው። ሥሩ «ተዋበ» ነው፤ ውብ፣ ውበት፣ ውቢት፣ ውባለም፣ ተዋበች የሚሉት ሁሉ ከዚያው ይወጣሉ። ዛሬ በዕለት ንግግራችን «እንዴት ታምራለች» እንላለን እንጂ እንዲህ አንልም። ስለዚህ ስሙ አንድ የቆየ የአነጋገር ለዛ በውስጡ አስቀምጧል። ስለ ልጅቱ የሚናገረው ትንሽ ነው። የበለጠ የሚናገረው ስላያት ሰው ነው፤ የተደነቀው እሱ ነው፣ ስሙም የእሱ ድንቅ ነው።

ስለ እቴጌይቱና ስለ አፄ በካፋ መገናኘት የሚነገረው ታሪክም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ጎንደር የደረሰው ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ እንደጻፈው፣ ንጉሡ ማንነታቸውን ደብቀው አገር ሲዞሩ ቋራ ላይ ታመሙ፤ አንድ ባላገር ቤቱ አስገብቶ አስተኛቸው፤ ልጁም አስታመመቻቸው። ንጉሡ ድነው ከተመለሱ በኋላ መልእክተኛ ልከው አስመጧት። ታሪኩ እንደ ተረት ይጥማል፤ በቤተ መንግሥት ዙሪያ ሲነገር የኖረ ወግ ደግሞ ብዙ ጊዜ እንዲህ ተሞርዶ ነው የሚደርሰን። እቴጌይቱ የትልቅ ቤተ ሰብ ልጅ ነበሩ፤ እናታቸው ወይዘሮ እንኮዬ የነገሥታት ዘር ይቆጥሩ ነበር። ታሪኩ የቆየው ግን ስሙ ስለሚጠራው ይመስለኛል። «ምን ትዋብ» የሚባል ስም ያላት ሴት በአንድ እይታ ልብ የምትወስድበት ታሪክ ባይኖራት ሰው ይፈጥርላታል።

አፄ በካፋ እ.ኤ.አ. በ1730 ሲያርፉ ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ገና ሕፃን ነበር። እናት ከልጃቸው ጋር ዘውድ ደፉ፣ «ብርሃን ሞገሳ» ተባሉ፣ ከዚያ በኋላ ለበርካታ ዓመታት አገሪቱን የያዙት እሳቸውና ከቋራ የመጡት ዘመዶቻቸው ናቸው። ከጎንደር ወጣ ብሎ ባለው ተራራ ላይ የቁስቋምን ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥታቸውን አሠሩ፤ ቦታው ደብረ ፀሐይ ተባለ። በጣና ሐይቅ በደቅ ደሴት ላይ ናርጋ ሥላሴን ያሠሩም እሳቸው ናቸው። እዚያ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ተሥላለች፤ ከእግሯ ሥር አንዲት ሴት በግንባሯ ተደፍታለች። የአገሪቱ ባለሥልጣን ናት፣ ሠዓሊው ግን ያኖራት ከሥዕሉ ሁሉ ዝቅ ባለው ቦታ ነው። ሥዕሉን ያየ ሰው ሦስቱ ስሞች የት የት እንደሚሠሩ ይገባዋል። በዚያ መሬት ላይ ተደፍታ የምትለምነው ወለተ ጊዮርጊስ ናት። በአደባባይ ብርሃን ሞገሳ ናቸው። ሰው ስለ መልካቸውና ስለ ዘመናቸው ሲያወራ ምንትዋብ ይሆናሉ።

የክርስትና ስም የሚሠራበት ቦታ የተወሰነ ነው። ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ስትነሳ ካህኑ ወለተ፣ አመተ፣ ፍቅርተ፣ እኅተ ብሎ ከቅዱስ ስም ጋር ያያይዝላታል። ያ ስም ለቁርባን፣ ለጸሎት፣ ለፍትሐት ነው። መተት የሚፈሩ ሰዎች ደብቀው የሚይዙት ስምም እሱ ነው፤ ጎረቤት ሳያውቀው ሃምሳ ዓመት የሚኖርበት ጊዜ አለ። ሜዳ ላይ «አንቺ ወለተ ጊዮርጊስ!» ተብሎ አይጠራም። የሚጠራው አራስ ቤት ውስጥ አባት፣ እናት ወይም አያት ያወጡት ነው። እዚያ ካህን የለም፣ ሥርዓት የለም፤ ሰው በዚያች ሰዓት በልቡ ያለውን በአማርኛ ይናገራል፣ የተናገረውም ስም ሆኖ ይቀራል።

ለዚህም ነው የአማርኛ የሴት ስም ብዙ ጊዜ ሙሉ ዓረፍተ ነገር የሚሆነው። እጅጋየሁ የሚለው የአፄ ምኒልክ እናት ስም ብዙ ያየ ሰው ቃል ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እናት የሺእመቤት ናቸው፤ ስም ያወጣላቸው ሰው ልጅቱን ለሺህ ሰው እመቤትነት አጭቷታል። ልጅ የሞተበት ቤት ደግሞ ሌላ ቋንቋ ነበረው። ካሳ፣ ምትኩ፣ ማስረሻ የሚሉት ስሞች ብዙ ጊዜ ከበስተጀርባቸው የተቀበረ ልጅ አለባቸው። አፄ ቴዎድሮስ በልጅነታቸው ካሳ ነበሩ። የእናታቸው ስም ደግሞ አትጠገብ ነው፤ ታይታ የማትጠገብ ማለት ነው፣ ከምንትዋብ ጋር እኅትማማች የሆነ ስም። ማንጠግቦሽም ከዚያው ወገን ነው። ቴዎድሮስ መጀመሪያ ያገቧት ሚስታቸው፣ የራስ ዓሊ ልጅ፣ ተዋበች ነበረች፤ ይህ ደግሞ ከምንትዋብ ጋር በሥሩ አንድ ነው። የቴዎድሮስ ልጅ አልጣሽ ትባላለች። «አልጣሽ» ልመና ነው፤ ሕፃናት በሚያልቁበት አገር አንድ ወላጅ አዲስ የተወለደችውን ልጅ «አንቺንስ አልጣሽ» ይላታል።

ወደ እቴጌ ምንትዋብ ቤት ስንመለስ እነዚህ ሁሉ በአንድ ጣሪያ ሥር ተገናኝተው እናገኛቸዋለን። አፄ በካፋ ካረፉ በኋላ ምልምል ኢያሱ ከሚባሉት የንጉሡ ዘመድ ሦስት ሴቶች ልጆች ወለዱ። አንዷ አስቴር ናት፣ ከመጽሐፍ ቅዱስ የተወሰደ ስም። አንዷ ወለተ እስራኤል፣ የቤተ ክርስቲያን ስም። አንዷ አልጣሽ፣ የእናት አንጀት የተናገረው ስም። አገሪቱ ለሴት ልጅ ስም የምታወጣባቸው ሦስት መንገዶች በሦስት እኅትማማቾች ላይ አርፈዋል። ልጃቸው አፄ ኢያሱ ያገቧት የኦሮሞ ባላባት ልጅ ደግሞ ውቢት ትባል ነበር፤ ክርስትና ስትነሳ ቤርሳቤህ ተባለች። አማትና ምራት ሁለቱም ስማቸው ውበት ነበር፤ ኋላ በልጅ ልጃቸው በኢዮአስ ዘመን የቋራ ወገንና የውቢት ወገን ለሥልጣን ሲፋጠጡ ጎንደር የተናወጠችው በእነዚህ ሁለት ሴቶች ቤት መካከል ነው።

መጨረሻው ከባድ ሆነ። ራስ ሚካኤል ስሑል እ.ኤ.አ. በ1769 ኢዮአስን አስገደሉ፤ ዘመነ መሳፍንት የሚባለው ከዚህ ይጀምራል። አያቲቱ የልጅ ልጃቸውን ቀብረው ቁስቋም ላይ ተቀመጡ። ብሩስ በ1770 ጎንደር ሲገባ ያገኛቸው እዚያ ነው፤ ፈንጣጣ የያዛቸውን የቤተ ሰቡን ሕፃናት ስላከመ በግቢያቸው አስጠጉት። በ1773 አረፉ። ቁስቋምን እ.ኤ.አ. በ1888 ድርቡሾች አቃጠሉት፤ ቤተ ክርስቲያኑ ኋላ ታደሰ፣ ቤተ መንግሥታቸው ግን እስከ ዛሬ ፍርስራሽ ነው። በመስተዋት ሣጥን ውስጥ የሦስቱ አጽም ነው ተብሎ ለጎብኚ ይታያል፤ የእናት፣ የልጅና የልጅ ልጅ።

ወንዶቹ ለዚህ ዓይነት ግጥማዊ ስም ሌላ ቦታ ነበራቸው። አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው እያሉ በፈረስ ስም ይጠሩ ነበር፤ ያ ስም በጦር ሜዳ ይወጣል፣ አዝማሪም ይቀባበለዋል። ሴቶች የፈረስ ስም አልነበራቸውም። ለእነሱ ግጥሙ የሚገባው አራስ ቤት ስም ሲወጣ ነው፤ ሁለተኛ ደግሞ ሲዳሩ፣ አማት ለምራቷ አዲስ ስም ስታወጣ። ስለ ሴቶች ታሪክ ከተጻፈልን የተረሳው ይበልጣልና፣ እነዚህ ስሞች ለእኔ ከብራና ያልተናነሱ ሰነዶች ናቸው። አንዲት ገበሬ ሴት ስለ ልጇ የተናገረችው ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ሊደርሰን የሚችለው በስም ብቻ ነው።

ልማዱ የነገሥታት ቤት ብቻ አልነበረም። በላይነሽ፣ አስናቀች፣ ወርቅነሽ፣ ማናለብሽ፣ ብዙነሽ የሚሉት በየመንደሩ የሞሉ ነበሩ፤ ሁሉም ለልጅቱ የተነገሩ ቃላት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1974 ሐዳር ላይ ለተገኘችው የ3.2 ሚሊዮን ዓመት አጽም አማርኛ ስም ሲፈለግላት የወጣው ድንቅነሽ ነው። ለሴት ልጅ የምናወጣው ስም ሲታሰብ ወደ አፍ የሚመጣው እንዲህ ያለ ንግግር ስለሆነ ነው።

ታዲያ ምንትዋብ ለምን ብርቅ ሆነ? አንደኛው ምክንያት የስሙ ክብደት ነው። በላይነሽ የማንም ልትሆን ትችላለች፤ ምንትዋብ የአንዲት ሴት ሆኗል። ልጁን ምንትዋብ ያለ ሰው እቴጌይቱን ጠርቶ ነው የሚያልፈው። ጣይቱ የሚለው ስም ላይም ይኸው ደርሷል፤ የክርስትና ስማቸው ወለተ ሚካኤል፣ የዘውዳቸው መጠሪያ ብርሃን ዘኢትዮጵያ የነበሩት የአድዋዋ እቴጌ ስሙን የራሳቸው አድርገውታል። ሁለተኛው ምክንያት ዘይቤው ራሱ ማርጀቱ ነው። ከተማ የገባ ቤተ ሰብ አጠር ያለ፣ ገጠር የማይሸት ስም ፈለገ። በአብዮቱ ጊዜ አብዮት የተባሉ ልጆች ተወለዱ፤ ቀጥሎ ሰላም፣ ሕይወት፣ ቤተልሔም፣ ራሔል፣ ሜሮን፣ ኤደን መጡ፤ አሁን ደግሞ ሶልያና፣ ማርያማዊት፣ አርሴማ፣ ሄራን። አንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ቤተልሔም ስትገኝ መምህሩ በአባት ስም ለመለየት ይገደዳል። ስሞቹ ውብ ናቸው፣ ትርጉም አላቸው፣ እምነትም አለባቸው፤ ለእነዚህ ልጆች ቅሬታ የለኝም። የቀረብኝ ግን የሚናገረው ሰው ነው። «ቤተልሔም» ሲባል ማን እንደተደነቀ፣ ማን እንደፈራ፣ ማን ልጅ እንደሞተበት አይሰማም። በ«አልጣሽ» ውስጥ ግን እናቲቱ አሁንም ትናገራለች።

ስደትም ድርሻ አለው። ወደ አሜሪካና አውሮፓ የሄደ ወላጅ ልጁ ትምህርት ቤት ስትገባ መምህሯ በቀላሉ እንዲጠራት ያስባል፤ ምንትዋብን ደግሞ በላቲን ፊደል አንዱ እንዲህ ሌላው እንዲያ አድርጎ ይጽፈዋል፣ ፓስፖርትና የልደት ወረቀት ሳይገጥም ይቀራል። እስራኤል ላይ የሆነው ከዚህ የከበደ ነው። ከጎንደር ዙሪያ፣ ከአምቦበርና ከወለቃ የተነሱት ቤተ እስራኤል እ.ኤ.አ. በ1984 በሱዳን በኩል፣ በ1991 ደግሞ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሲገቡ ብዙዎቹ ሕፃናት የዕብራይስጥ ስም ተሰጣቸው። የምዝገባ ሠራተኛው ወይም መምህሩ ያወጣው ስም ነው። ቤት ውስጥ አያቷ በአማርኛ የምትጠራት ልጅ ክፍል ስትገባ ሌላ ሰው ሆነች። ካደጉ በኋላ አንዳንዶቹ የወላጆቻቸውን ስም መልሰው ይዘዋል፣ አንዳንዶቹም ሁለቱን አጣምረው ይጠሩበታል።

እዚህ አገር ቤት ደግሞ ስሙ በሌላ በር እየተመለሰ ነው። ሕይወት ተፈራ «ምንትዋብ» ብላ በጻፈችው ታሪካዊ ልብ ወለድ ስሙን ለአዲስ አንባቢ አድርሳለች፤ የቁስቋምን ፍርስራሽ ያላዩ ወጣቶች እቴጌይቱን በዚያ አውቀዋቸዋል። በመጽሐፉ የተነሳ ስሙን ለልጃቸው ያወጡ ወላጆች ቢኖሩ አልደነቅም። ለማውጣት የሚፈሩ ካሉም ስሙ በቤት ሲጠራ ምንቴ፣ ምንትዬ እየተባለ በቀላሉ እንደሚያጥር ይወቁት፤ አያቶቻችን ረጅሙን ስም ይዘው የኖሩት እንዲህ እያቆላመጡ ነው።