ነገርን ከሥሩ፦ ኔቫዳና የኢንተርኔት ካሲኖ ጥያቄ

ከሃምሳዎቹ የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች መካከል ስሟ ከቁማር ጋር እንደ ኔቫዳ የተቆራኘ የለም። ላስ ቬጋስ ከአውሮፕላን የወረደ መንገደኛ ሻንጣውን ሳይረከብ ገና በአዳራሹ ውስጥ የቁማር ማሽን ይጠብቀዋል። ይኸው መንገደኛ ግን ሆቴሉ ገብቶ፣ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ፣ በእጅ ስልኩ ሩሌት ልጫወት ቢል የኔቫዳ ሕግ አይፈቅድለትም። ኒው ጀርሲ ወይም ሚሺጋን ቢሆን ኖሮ ይፈቀድለት ነበር። የቁማር መዲና የምትባለው ግዛት ሌሎች የከፈቱትን በር ለምን ዘጋች? ልትከፍተውስ ይገባታልን?

አንዳንዶች ነገሩን ግብዝነት ይሉታል። ሌሎች ደግሞ ትልልቆቹ ካሲኖዎች ገበያቸውን ለመከላከል የሠሩት አጥር ነው ይላሉ። ሁለቱም አባባል ከፊል እውነት አለው። ሆኖም አበው «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንደሚሉት፣ ፍርድ ከመስጠታችን በፊት ኔቫዳ ቁማርን ስትፈቅድ ከማን ጋር ምን ዓይነት ውል እንደገባች መመርመር ይገባናል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የ1931 ውል

ኔቫዳ ቁማርን ስትፈቅድና ስትከለክል ኖራለች። በ1869 ምክር ቤቱ የአገረ ገዥውን የሄንሪ ብላስዴልን ተቃውሞ በድምፅ ብልጫ ሽሮ ፈቀደ። በ1909 ደግሞ የሥነ ምግባር ተሟጋቾች ጉልበት በርትቶ እገዳ ታወጀ፤ እገዳውም ከ1910 ጀምሮ በሥራ ላይ ዋለ። ቁማሩ ግን አልቆመም። ወደ ጓሮ ገባ እንጂ።

በ1930 የግዛቲቱ ሕዝብ 91 ሺህ ገደማ ብቻ ነበር። የማዕድን ሥራው ተዳክሟል፤ ታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ ደጃፍ ላይ ቆሟል። በዚህ ጊዜ ፊል ቶቢን የተባለ ወጣት የምክር ቤት አባል ቁማርን በይፋ የሚፈቅድ ረቂቅ አቀረበ፤ አገረ ገዥው ፍሬድ ባልዛርም መጋቢት 19 ቀን 1931 ፈረሙበት። በዚያው ዕለት ለፍቺ የሚያስፈልገውን የነዋሪነት ጊዜ ወደ ስድስት ሳምንት የሚያሳጥረውንም ሕግ ፈረሙ። የሁለቱ ሕጎች መንትያነት የአጋጣሚ ጉዳይ አይደለም። ሌላው አገር የሚከለክለውን ነገር ፈቅዶ፣ የሌላውን አገር ሰው ከነገንዘቡ ወደ በረሃው መሳብ የታሰበበት ዘዴ ነበር።

የውሉ ቁም ነገር እንግዲህ ይህ ነው፦ ኔቫዳ ቁማርን የፈቀደችው መልካም ነገር ነው ብላ አይደለም። ጉዳቱን በአብዛኛው እንግዳው ይዞት ይሄዳል፣ ጥቅሙ ግን እዚሁ ይቀራል በሚል ስሌት ነው። እንግዳው ይተኛል፣ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ታክሲ ይሳፈራል። አልጋውን የሚያነጥፍ፣ ምግቡን የሚያበስል፣ ካርታውን የሚያድል ሠራተኛ ያስፈልጋል። ጭካኔ ያለበት ስሌት መሆኑን አልክድም፤ ግን ስሌት ነበር።

ከወንበዴ እጅ እስከ አክሲዮን ገበያ

ውሉ ጠባቂ ያስፈልገው ነበር። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቁጥጥር ላላ ያለ በመሆኑ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተደራጁ ወንጀለኞች ወደ ላስ ቬጋስ ጎረፉ። በግዛት ደረጃ በካሲኖዎች ገቢ ላይ ግብር የተጣለው በ1945 ነው። በ1950 በሴናተር ኢስቲስ ኪፎቨር የሚመራው የአሜሪካ ሴኔት መርማሪ ኮሚቴ እዚያው ላስ ቬጋስ ድረስ ሄዶ ምስክር ሰማ፤ ለኔቫዳም ከባድ የሃፍረት ቀን ሆነ። ፌዴራሉ መንግሥት ጣልቃ ገብቶ ኢንዱስትሪውን ከመዝጋቱ በፊት ግዛቲቱ ራሷን ማረም ነበረባት። በ1955 የቁማር ተቆጣጣሪ ቦርድ፣ በ1959 የቁማር ኮሚሽን ተቋቋሙ። በ1960 ደግሞ ካሲኖ ደጃፍ እንዳይደርሱ የተከለከሉ ሰዎች ስም የሰፈረበት ጥቁር መዝገብ ወጣ። በ1967 እና በ1969 የወጡት ሕጎች ታላላቅ የአክሲዮን ኩባንያዎች ካሲኖ እንዲይዙ መንገድ ከፈቱ፤ የወንበዴውም ዘመን ቀስ በቀስ አከተመ።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው አንድ ነገር አለ። የኔቫዳ ቁጥጥር የተገነባው በቦታ ላይ ነው። በር አለ፣ በሩ ላይ ጠባቂ አለ፣ አዳራሹ ውስጥ ካሜራ አለ። ማን እንደገባ ይታያል፤ ዕድሜው ያልደረሰ ይባረራል፤ የሰከረ ይወጣል። ሠራተኛውም ቦታ ስላለው መደራጀት ቻለ። በ1991 የፍሮንቲየር ካሲኖ ሠራተኞች የጀመሩት የሥራ ማቆም አድማ ከስድስት ዓመት በላይ ዘልቆ በ1998 በድል የተጠናቀቀው፣ ሰልፍ የሚቆምበት ደጃፍ ስለነበረ ነው። ኮምፒውተር ውስጥ ለተቀመጠ ካሲኖ ደጃፍ ከየት ይገኛል?

ሽቦውና ኢንተርኔቱ

በ1961 በፕሬዚዳንት ኬኔዲ ዘመን ዋየር አክት የተባለው ሕግ ወጣ። ዓላማው በስልክና በቴሌግራፍ ውርርድ የሚያቀባብሉ ወንጀለኞችን መምታት ነበር። ከአርባ ዓመት በኋላ ይህ ሕግ ኢንተርኔትን ይመለከታል ወይስ አይመለከትም የሚል ክርክር ተነሣ። ኔቫዳ በ2001 የኢንተርኔት ቁማር ደንብ እንዲዘጋጅ የሚፈቅድ ሕግ አውጥታ ነበር፤ የፌዴራሉ ፍትሕ ሚኒስቴር በ2002 ሕገወጥ ነው ብሎ አቆማት። በ2006 ባንኮች ለሕገወጥ የኢንተርኔት ቁማር ክፍያ እንዳያስተናግዱ የሚያዝ የፌዴራል ሕግ ተጨመረ። በሚያዝያ 2011 የታላላቆቹ የፖከር ድረ ገጾች ባለቤቶች ተከሰሱ። ግን በዚያው ዓመት መጨረሻ ፍትሕ ሚኒስቴሩ ዋየር አክት የስፖርት ውርርድን ብቻ ይመለከታል የሚል ትርጓሜ ይፋ አደረገ። በሩም ተከፈተ።

የካቲት 21 ቀን 2013 የኔቫዳ አገረ ገዥ ብራያን ሳንዶቫል ከሌሎች ግዛቶች ጋር የኢንተርኔት ቁማር ስምምነት ለመፈረም የሚያስችለውን ሕግ ፈረሙ። በሚያዝያ ወር የመጀመሪያው ሕጋዊ የገንዘብ ፖከር ድረ ገጽ ሥራ ጀመረ፤ በቀጣዩ ዓመት መገባደጃ ግን ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ኔቫዳ የፈቀደችው ፖከርን ብቻ ነው። ሩሌት፣ ብላክ ጃክና የቁማር ማሽን በስልክ አይገኙም። የላስ ቬጋስ ሳንድስ ባለቤት የነበሩት ሼልደን አደልሰን እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ ማለትም እስከ 2021 ድረስ፣ የኢንተርኔት ቁማርን በገንዘባቸው ተዋግተዋል።

እዚህ ላይ አንድ አስገራሚ ነገር ልብ ይሏል። እንደ ኤምጂኤምና ሲዛርስ ያሉት የላስ ቬጋስ ኩባንያዎች በኒው ጀርሲና በሌሎች ግዛቶች የኢንተርኔት ካሲኖ ያንቀሳቅሳሉ። በሰው አገር የሚሸጡትን በገዛ ቤታቸው አይሸጡም። ነጋዴው የራሱን ጓዳ ጠንቅቆ ያውቃል ማለት ነው።

የአትላንቲክ ሲቲ ትምህርት

የኒው ጀርሲ ሕዝብ በ1976 በአትላንቲክ ሲቲ ከተማ ብቻ ካሲኖ እንዲከፈት በድምፁ ወሰነ፤ የመጀመሪያውም በ1978 ተከፈተ። በ2006 የካሲኖዎቹ ገቢ 5.2 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ። ያኔ ግን ጎረቤቷ ፔንሲልቫኒያ የራሷን ካሲኖዎች መክፈት ጀመረች፤ ገበያውም ፈረሰ። በ2014 ብቻ አራት ካሲኖዎች ተዘጉ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ተበተኑ።

አገረ ገዥ ክሪስ ክሪስቲ በ2011 የቀረበላቸውን የኢንተርኔት ቁማር ረቂቅ ውድቅ አድርገው ነበር። በየካቲት 2013 ግን ለአሥር ዓመት የሙከራ ጊዜ በ15 በመቶ ግብር ፈረሙ። ፈቃዱ የሚሰጠው ለአትላንቲክ ሲቲ ካሲኖዎች ብቻ ሆነ። በ2024 የኢንተርኔት ካሲኖ ገቢ 2.4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሲሆን፣ በአካል የሚገኘው ደግሞ 2.8 ቢሊዮን ነበር። በ2025 ግዛቲቱ የኢንተርኔቱን ግብር ወደ 19.75 በመቶ ከፍ አደረገች።

ለእውነት መቆም ይገባልና፣ አትላንቲክ ሲቲን የጣላት ኢንተርኔት አይደለም፤ የጎረቤት ውድድር ነው። እንዲያውም የኢንተርኔቱ ገንዘብ የቀሩትን ካሲኖዎች ደግፏል የሚሉ ሰዎች አሳማኝ ክርክር አላቸው። ነገር ግን ሒሳቡን ከሌላው ወገን እንመልከተው። የስፖርት ውርርዱ ሲደመር የ2024 ጠቅላላ የቁማር ገቢ ከ2006ቱ በልጧል። የካሲኖ ሠራተኛው ቁጥር ግን ከ2006ቱ ወደ ግማሽ ገደማ እንደወረደ ቀርቷል። ገንዘቡ ተመለሰ፤ ሥራው አልተመለሰም። ለግምጃ ቤት የሚበጀው ሁሉ ለአልጋ አንጣፊዋ ይበጃል ማለት አይደለም።

የኔቫዳ ሒሳብ ለምን ይለያል?

የኢንተርኔት ቁማር በሕግ የሚፈቀደው በግዛቲቱ ወሰን ውስጥ ላለ ሰው ብቻ ነው። ኒው ጀርሲ ከዘጠኝ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አላት። ኔቫዳ ግን ከሦስት ሚሊዮን እምብዛም አትዘልም። በሌላ በኩል ላስ ቬጋስ በ2024 ብቻ ከ41 ሚሊዮን በላይ ጎብኚ ተቀብላለች። ጎብኚው አስቀድሞ ካሲኖው ውስጥ ስላለ ስልኩ አዲስ ገንዘብ አያመጣም፤ ከአዳራሹ ወደ ክፍሉ ያሸጋግረዋል እንጂ። አዲስ ገንዘብ የሚወጣው ከነዋሪው ኪስ ነው። ማለትም የ1931 ውል ይገለበጣል፦ ጉዳቱ እዚሁ ይቀራል፣ ጥቅሙ ግን ሶፍትዌር ወደሚሠራበት ቦታ ይሄዳል።

በዚህ ነጥብ ላይ የእኛ ወገኖች ጉዳይ ይመጣል። ላስ ቬጋስ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሐበሾች መኖሪያ ናት። የክላርክ አውራጃ አስተዳደር በ2023 ትንሿ ኢትዮጵያ የተባለ የባህል ሰፈር መሰየሙ የዚህ ምስክር ነው። ብዙዎቹ ካርታ አዳዮች፣ አልጋ አንጣፊዎች፣ የወጥ ቤት ሠራተኞችና ታክሲ ነጂዎች ናቸው። ታክሲ ነጂዎቹ ይህን ፊልም አንድ ጊዜ አይተውታል። በ2015 ግዛቲቱ በስልክ የሚጠሩትን መኪኖች ስትፈቅድ፣ ተሳፋሪው አልቀነሰም፤ የታክሲው ገበያ ግን ተሸረሸረ። ቴክኖሎጂ ሥራውን ሳያጠፋ ደመወዙን ሊያጠፋ እንደሚችል ከእነርሱ በላይ የሚያስተምረን የለም።

ሌላም አለ። የሌሊት ፈረቃ ጨርሶ ለሚገባ ሰው፣ ስልክ የማይዘጋ ካሲኖ ነው። ከአዳራሹ ለመውጣት ቢያንስ መኪና ማስነሣት ያስፈልጋል። ከስልኩ የሚያስወጣው ምንድን ነው? የዕቁብ ዕጣ የደረሰው አባት ለልጁ ትምህርት ያሰበውን ገንዘብ በአንድ ሌሊት ቢጨርስ፣ የሚያየው ጠባቂም ሆነ ጎረቤት የለም።

ተቃራኒው ክርክር

ተቃዋሚዎቼ ሁለት ብርቱ ነጥቦች አሏቸው። አንደኛው፣ ሰው ፈቃድ በሌላቸው የውጭ ድረ ገጾች ይጫወታል፤ መፍቀድ ግብርና ጥበቃ ያስገኛል የሚለው ነው። ይህ የ1931 ሰዎች ክርክር ስለሆነ አልንቀውም። ሆኖም ሕጋዊው ማስታወቂያ ቀድሞ የማይጫወተውንም ጎትቶ ያስገባል። «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» ይባላል።

ሁለተኛው የ2020 ትዝታ ነው። በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የኔቫዳ ካሲኖዎች ለ78 ቀናት ተዘጉ፤ የሥራ አጡም መጠን ወደ ሠላሳ በመቶ ገደማ አሻቀበ። ኒው ጀርሲ ግን ከኢንተርኔቱ ጥቂት ገቢ አገኘች። ይህ እውነት ነው። ያ ወር ግን ያጋለጠው የኔቫዳን በአንድ ኢንዱስትሪ ላይ መንጠልጠል ነው። የቁማር ጥገኝነትን በሌላ ቁማር ማከም ደግሞ ሕክምና አይደለም።

እንግዲህ ምን ይሻላል?

የዚህ ጸሐፊ እምነት ግልጽ ነው፦ ኔቫዳ የኢንተርኔት ካሲኖን መፍቀድ የለባትም። ይህ ግብዝነት አይደለም፤ ለመጀመሪያው ውል መታመን ነው። ቁማርን የታገሠችው በቦታ ተወስኖ፣ እንጀራ እየሰጠ እስከኖረ ድረስ ነውና።

የጊዜው ግፊት በርትቶ መፍቀዱ የማይቀር ከሆነ ግን፣ ቢያንስ ሦስት ነገሮች በሕጉ ይጻፉ። ተጫዋቹ በአካል ካሲኖ ሄዶ ይመዝገብ፤ ኔቫዳ ይህንን በስልክ ለሚደረግ የስፖርት ውርርድ አስቀድማ ትጠይቃለችና አዲስ ነገር አይሆንም። ፈቃዱ ሠራተኛ ከመቅጠር ግዴታ ጋር ይታሰር። የሚሰበሰበው ግብር ደግሞ በአዳራሹ ላይ ከተጣለው 6.75 በመቶ ጣሪያ እጅግ የላቀ ይሁን፤ ከፊሉም ለሱሰኞች ሕክምናና ሥራቸውን ለሚያጡ ሠራተኞች ሥልጠና ይመደብ። ፔንሲልቫኒያ በኢንተርኔት የቁማር ማሽን ላይ 54 በመቶ ጥላ ገበያው አልሞተም።

የኔቫዳ ምክር ቤት የሚሰበሰበው በየሁለት ዓመቱ፣ በጎዶሎው ዓመት፣ ለ120 ቀናት ብቻ ነው። በዚያ አጭር ጊዜ የኩባንያ ጠበቆች ኮሪደሩን ይሞሉታል። ዜግነት ያገኙ ወገኖቻችን በዚያው ኮሪደር ድምፃቸው እንዲሰማ ማድረግ የእነርሱ ፈንታ ነው፤ ውሉ ሲፈርስ መጀመሪያ ከሚጎዱት መካከል ናቸውና።

ቸር ይግጠመን።