የእረኛው ውሻ ገብስ፣ የበረዶው ውሻ ሥጋ

ለውሻ ምን ያህል ፕሮቲን ይበቃዋል የሚለው ጥያቄ የቆየ ነው። በ1ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሮማዊው የግብርና ጸሐፊ ኮሉሜላ፣ ውሾች የገብስ ዱቄት በአጓት እንዲበሉ ይመክራል፤ ወተት በማይገኝበት የወይን እርሻ ደግሞ የስንዴ ዳቦ ለብ ባለ የባቄላ ቅቅል ውሃ። ከእሱ የሚቀድመው ሌላው ሮማዊ ጸሐፊ ቫሮም የገብስ ዳቦ በወተት ነክረው እንዲሰጡ ያዛል፤ የሞተ በግ ሥጋ ግን አይቅመሱ ይላል፣ ጣዕሙን ከለመዱ መንጋውን አይምሩምና። ይህ ምግብ ከንፉግነት የመጣ አልነበረም። አጓትም ባቄላም ፕሮቲን አላቸው፤ መንጋ ዳር ሆኖ ለሚጠብቅ ውሻ በቂ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክም የሚያሳየው ይህንኑ ነው፦ መጠኑን የሚወስኑት የውሻው ሥራና ዕድሜ ናቸው።

ሥራው ሲከብድ ሂሳቡ ይለወጣል። በ1970ዎቹ ተመራማሪው ዴቪድ ክሮንፌልድ የበረዶ ጋሪ የሚጎትቱ ውሾችን ሲያጠና፣ ፕሮቲን ያነሳቸው በልምምድ ወቅት ቀይ የደም ሕዋሳቸው እንደሚቀንስ አየ። በ1999 የታተመ ሌላ ጥናትም ከምግባቸው ኃይል 18 በመቶውን ብቻ ከፕሮቲን ያገኙት ጋሪ ጎታቾች ከሌሎቹ ይልቅ ለጡንቻና ለጅማት ጉዳት መጋለጣቸውን አሳየ። ለእረኛው ውሻ የበቃው ገበታ ለእነዚህ አይበቃም።

«ውሻ የተኩላ ዘር ስለሆነ ሁሉም ሥጋ በሥጋ ይብላ» የሚሉ አሉ። ዘሩ እውነት ነው፤ ሆኖም በ2013 የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ ስታርች የሚፈጨው ዘረ መል በውሻ ውስጥ ከተኩላው ይልቅ ብዙ ጊዜ ተባዝቷል። ከሰው ጋር የኖረበት ዘመን ሆዱንም ለውጦታል። በሌላ በኩል «ፕሮቲን ሲበዛ ኩላሊት ያበላሻል» የሚለው ስጋት ጤነኛ ውሾች ላይ በተደረጉ ጥናቶች አልተደገፈም፤ ኩላሊቱ የታመመ ግን የእንስሳት ሐኪም ምክር ያሻዋል።

ዛሬ የአሜሪካ የመኖ ተቆጣጣሪዎች ማኅበር፣ ውሃው ሳይቆጠር፣ ላደገ ውሻ ቢያንስ 18፣ ለቡችላና ለምታጠባ ደግሞ 22.5 በመቶ ፕሮቲን ይላል። «ውሃው ሳይቆጠር» የሚለው ሊዘነጋ አይገባም፦ ጣሳው ላይ 8 በመቶ የተጻፈበት፣ 78 በመቶው ውሃ የሆነ ምግብ፣ ሲሰላ ፕሮቲኑ 36 በመቶ ይደርሳል። ቁጥሩ ግን ወለል ነው። ከዚያ በላይ ምን ያህል ይጨመር የሚለውን ማሸጊያው አይነግረንም፤ ውሻው ቀኑን በምን እንደሚያሳልፍና ስንት ዓመቱ እንደሆነ አይተን የምንወስነው እኛ ነን።