ጉልቻ ቢቀያየር…

እኛ ሀገር ትዳር የሚመሠረተው በሦስት ጉልቻ ነው። «ጎጆ ወጡ» ሲባል ሊሞዚኑንና ኬኩን እርሱት፤ ነገሩ ሦስት ድንጋይ፣ ከላዩ ምጣድ፣ ከሥሩ እሳት ነው። የእኛ ዘመን ሙሽሮች ደግሞ አዲስ ወሬ ይዘዋል፦ አካባቢን የማይጎዳ፣ ገንዘብም የሚቆጥብ ቤተሰብ እንመሥርት ይላሉ። እሰየው! ወሬው ግን ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ፋሽን የሚመስለው ካለ፣ የአዲስ አበባን ታሪክ ቢያገላብጥ ይሻለዋል። ይቺ ከተማ ከተቆረቆረች ጀምሮ ስትጨነቅበት የኖረችው ጥያቄ ይኸው ነው፦ እንጀራው በምን ይጋገር? ሒሳቡንስ ማን ይክፈል?

ማገዶ ያሳደደው ቤተ መንግሥት

ከእንጦጦ እንጀምር። ዳግማዊ ምኒልክ ከተማቸው እዚያ ተራራ ላይ ነበር። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከታች ፍል ውኃው አጠገብ አዲስ አበባን ቆረቆሩ። መኳንንቱም፣ ወታደሩም፣ ነጋዴውም ቀስ በቀስ ተከትሎ ወረደ። ያ ሁሉ ሰው ቤት ይሠራል፣ ያ ሁሉ ሰው እንጀራ ይበላል። ሃያ ዓመት እንኳን ሳይሞላ በዙሪያው የነበረው ደን ተመናመነ፤ ማገዶ ለማግኘት የሚኬደው መንገድም በየዓመቱ ረዘመ።

በዚህ የተነሳ ንጉሠ ነገሥቱ ከተማውን ለማዛወር አሰቡ። በ1893 ዓ.ም. አካባቢ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ አዲስ ዓለም በተባለው ቦታ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ። ልብ በሉ፤ ዋና ከተማ ሊያስነሳ የደረሰው ጠላት ወይም ቸነፈር ሳይሆን ማገዶ ነበር። ዝውውሩ ሳይሆን ቀረ፤ ያ ቤተ መንግሥትም ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

አዲስ አበባን ባለችበት ካቆሟት ነገሮች ትልቁ ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ ነው። በ1880ዎቹ ማብቂያ ገደማ ሲገባ፣ ከባሕር ማዶ በመምጣቱ «ባሕር ዛፍ» ተባለ። በማስመጣቱ ስሙ የሚነሳው ሞንዶን ቪዳዬ የተባለ ፈረንሳዊ ነው። ዛፉ ቶሎ ያድጋል፤ ሲቆረጥ ደግሞ ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። ጓሮው ውስጥ ጥቂት እግር የተከለ አባወራ ማገዶውም፣ የቤት ማገሩም፣ የክፉ ቀን ገንዘቡም እዚያው በቀለለት። በዘመኑ ቋንቋ እናውራ ከተባለ፣ ታዳሽ ኃይልና የቁጠባ ሂሳብ በአንድ ላይ ማለት ነው። ችግር አልነበረውም ማለት ግን አይደለም፤ ውኃ በብዛት ይጠጣል፣ አጠገቡ የተዘራ እህልም ያቀጭጫል።

ሒሳቡን በጀርባቸው የከፈሉት

የካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የመንግሥት ሆነ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ የከተማው መሬትና ትርፍ ቤት ተከተለ። በከተማዋ ዙሪያ ያለው የባሕር ዛፍ ደንም ወደ መንግሥት እጅ ገባ። ከተማዋ ግን መብላት አላቆመችም። እንጦጦን ሽቅብ ወጥተው ቅጠልና ጭራሮ ጠርገው፣ እንጨት ሰብረው፣ ሠላሳና አርባ ኪሎ በጀርባቸው አዝለው ቁልቁል የሚወርዱት ድሃ ሴቶች ነበሩ። ከጥበቃዎች ጋር ድብብቆሽ አለ፤ ከተያዙ ሸክሙም ድካሙም ከንቱ ነው። በኋላ አንዳንዶቹ ተደራጅተው ሸክሙን ትተው ሽመና ገብተዋል። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው እንጦጦ ፓርክ ሄዳችሁ ፎቶ ስትነሱ፣ የረገጣችሁት አቀበት የእነሱ የሥራ ቦታ እንደነበር አስታውሱ።

እዚህ ላይ አንድ የለመድነውን አባባል እንመርምር። «እናቶቻችን እኮ ቆጣቢ ነበሩ» እንላለን። እውነት ነው፤ አመዱ ድስት ይፈትግ ነበር፣ የአንዷ ምጣድ ሳይቀዘቅዝ ጎረቤቷ ሊጧን ይዛ ትደርስ ነበር። ነገር ግን ማገዶው ርካሽ የሆነው በቁጠባ ብቻ አይደለም። የተሸካሚዋ ጀርባ ዋጋ ስላልወጣለትም ነው። ቤት ውስጥ «ቆጠብን» ያልነው ገንዘብ፣ ውጭ የሌላ ሰው ወገብ ላይ ዕዳ ሆኖ ተመዝግቧል።

ተረቱን ያሸነፈው ምጣድ

«ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል። ወጡን አላውቅም፤ እንጀራ ላይ ግን ተረቱ ተሸንፏል። በሦስት ጉልቻ ሲጋገር እሳቱ በየጎኑ እየወጣ ጓዳውን ያሞቃል፣ የጋጋሪዋን ዓይን ያስለቅሳል፤ ምጣዱ የሚደርሰው ትራፊው ነው። በ1980ዎቹ የኢትዮጵያ ባለሙያዎች እሳቱን ዙሪያውን የሚዘጋ፣ ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራ ምድጃ አወጡ። ስሙ «ምርጥ» ተባለ። በጉልቻ ከሚጋገረው ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ታናሽ እህቱ «ላቀች» ደግሞ ከተለመደው የቆርቆሮ ከሰል ምድጃ ሩብ ያህል ከሰል ትቆጥባለች። የእነዚህ ቁጠባ ከቀድሞው ይለያል፤ ኪስ ሲተርፍ ጫካውም ይተርፋል፣ ሸክሙም ይቀላል። ማንም ላይ አልተላለፈም።

እኛስ?

የእኛ ጉልቻ ሶኬት ላይ ተሰክቷል። የሀገራችን መብራት በአብዛኛው ከውኃ የሚመነጭ ነው፤ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የዓባይ ግድብ ሲመረቅ ደግሞ ጉልበቱ ጨመረ። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከታሪካችን ሁሉ ንጹሑ ጉልቻ ነው። ታሪፉ ግን እየጨመረ ነው፤ ምጣዱም እስኪግል ድረስ ብዙ ይበላል። መድኃኒቱን የቀድሞዎቹ ያውቁታል፦ አንዴ ከጋለ የሳምንቱን ጋግሩ፣ ወይም ከጎረቤት ጋር ተራ ያዙ። ኮንዶሚኒየምም ጎረቤት አለው እኮ!

«እኛ እንጀራ ከሱቅ ነው የምንገዛው» የምትሉ ደግሞ፣ ማገዶው አልጠፋም፤ ጋጋሪዋ ቤት ሄደ እንጂ። በምን እንደምትጋግር ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? በረንዳ ላይ የምናቀጣጥለው ከሰልስ? እንጨት ከሰል እስኪሆን ድረስ አብዛኛው ጉልበቱ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ይቀራል። ማዳበሪያ ሙሉ ከሰል ስንገዛ ያላየነውን ብዙ እንጨት አብረን አንድደናል።

ሦስት ጉልቻ ልትመሠርቱ ያሰባችሁ ወዳጆች ሆይ፣ በወሩ መጨረሻ ስንት ብር እንደተረፈ ቁጠሩ። ከዚያ ግን አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ የተረፈው ከማን ጀርባ ነው?

መልካም ጋብቻ!