በሁለት ኃያላን መካከል የቆመች አገር

ዓለም በኃያላን ጠብ ስትናወጥ መካከለኛ አቅም ያላት አገር ምን ልትሠራ ትችላለች? ዛሬ ይህንኑ ከታሪክ አንጻር እንመለከታለን።

እ.ኤ.አ. ከ602 እስከ 628 ሮምና ፋርስ ይዋጉ ነበር። በ614 ፋርሶች በይተል መቅዲስን ያዙ። አክሱም በዚያን ጊዜ ከሁለቱም አትስተካከልም ነበር። በ525 አካባቢ ንጉሥ ካሌብ ባሕር አሻግረው ጦር ያዘመቱባት የመን እንኳ ቀደም ብላ በፋርስ እጅ ገብታለች።

ይሁን እንጂ በ615 የመካ ግፍ ሲበረታ፣ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰሓባዎቻቸውን የላኩት ወደ ሮም ወይም ወደ ፋርስ አልነበረም፤ ሰው ወደማይበደልበት ወደ ሐበሻ ንጉሥ ነበር።

ቁረይሾችም ዝም አላሉም። ዐምር ኢብኑል ዓስንና ዐብደላህ ኢብኑ አቢ ረቢዓን ምርጥ ቆዳ አስይዘው ላኩ። መልእክተኞቹ አስቀድመው ለንጉሡ ባለሟሎች እጅ መንሻ ሰጡ። ስደተኞቹ ቃላቸው ሳይሰማ እንዲመለሱ ንጉሡን እንዲመክሩላቸው ነበር። መካ የንግድ ደንበኛ ናት፤ ስደተኛው ግን ባዶ እጁን ነው የመጣው። ነጃሺ ግን ሌላውን ወገን ሳይሰሙ አሳልፈው እንደማይሰጡ ተናገሩ። ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጣሊብ (ረ.ዐ.) ቀርበው ጉዳያቸውን አስረዱ፤ ከሱረቱ መርየምም ቀሩ። እጅ መንሻው ለባለቤቶቹ ተመለሰ፤ ስደተኞቹም በሰላም ተቀመጡ።

በዘመናችንም ተመሳሳይ ነገር አይተናል። ሩሲያና ዩክሬን እየተዋጉ ሳሉ፣ በሐምሌ 2022 ቱርክና የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የዩክሬን እህል በጥቁር ባሕር እንዲወጣ ኢስታንቡል ላይ አስማሙ። ሁለቱ ባላንጣዎች እርስ በርስ አልተፈራረሙም፤ እያንዳንዳቸው ከአስታራቂዎቹ ጋር ፈረሙ። በነሐሴ 23 ሺህ ቶን ስንዴ የጫነች መርከብ ለኢትዮጵያ ጉዞ ጀመረች። ሩሲያ በሐምሌ 2023 ስትወጣ ስምምነቱ ቆመ፤ እስከዚያ ግን ወደ 33 ሚሊዮን ቶን የሚጠጋ እህል ወጥቷል።

እንግዲህ መካከለኛ አገር የኃያላንን ጦርነት ማስቆም ሊያቅታት ይችላል። ጉልበቷ ያለው ግን ሁለቱም ወገን በሚያምነው በሯ ላይ ነው። ያ በር በቆዳ ከተሸጠ ዳግመኛ የሚያንኳኳው አይኖርም። ስለዚህ ለልጆቻችን ስለ ነጃሺ ስንነግራቸው፣ ደግነታቸውን ብቻ ሳይሆን ከመፍረዳቸው በፊት ሁለቱን ወገን መስማታቸውንም እንንገራቸው።