የመስማት አጋዥ መሣሪያ በሕፃናት ጆሮ ላይ እንዲቆይ፤ ለደብረ ብርሃንና ለአንኮበር አካባቢ ቤተሰቦች

የመስማት ጉዳት ያለበት ሕፃን ንግግር የሚለምደው መሣሪያውን ነቅቶ በሚቆይባቸው ሰዓታት ሁሉ ሲያደርግ ነው። በሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ያለፈ ወር ለልጁ ያመለጠ የቋንቋ ጊዜ ነው።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው። በደጋው ሕፃን በሱፍ ኮፍያ ተሸፍኖ፣ በጋቢ ተጠቅልሎ፣ በአንቀልባ ይታዘላል። ኮፍያው ወይም የእናቲቱ ጀርባ መሣሪያውን ሲጫነው ከጆሮ ያመለጠው ድምፅ ተመልሶ ስለሚገባበት ያፏጫል። ብዙ ወላጅ ተበላሸ ብሎ የሚያወልቀው በዚህ ጊዜ ነው። ሆኖም ጆሮውን የማይጫን ስስ የጥጥ ኮፍያ ማልበስና የታዘለውን ልጅ ራስ ወደ ሌላው ጎን ማዞር ብዙ ጊዜ ይበቃል። ፉጨቱ ያለ ኮፍያም ከቀጠለ በጆሮው ልክ የተቀረጸው ለስላሳ ክፍል ጠቦት ሊሆን ይችላል። የሕፃን ጆሮ ፈጥኖ ስለሚያድግ ይህ ክፍል በየጥቂት ወሩ መለወጥ ይኖርበታል። መሣሪያውን ሰው እንዳያየው ብሎ በኮፍያ መሸፈን ግን ልጁን እንጂ ማንንም አይጎዳም።

ልጁ እጁን ማዘዝ ሲጀምር መንቀሉ አይቀርም። ያለ ቁጣ ወዲያው መመለስ፣ ከዚያም በጨዋታ ወይም በእሹሩሩ እጁንና ሐሳቡን መያዝ ይመከራል። በጠገበበትና በተደሰተበት ሰዓት ተጀምሮ ጊዜው ቀስ በቀስ ይረዝማል። ለምዶት የነበረ ልጅ በድንገት እንቢ ካለ ጆሮው መቅላቱ፣ መቁሰሉ ወይም ፈሳሽ መኖሩ ይታይ፤ ካለም ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

ለመኝታ፣ ለገላ መታጠቢያ፣ ለክርስትናና ለጠበል መሣሪያው ይወልቃል። በአንኮበር ጉም የረጠበ መሣሪያ በደረቅ ጨርቅ ተጠርጎ፣ የባትሪው ክዳን ተከፍቶ ያድራል እንጂ በምድጃ ዳር አይደርቅም።

ከሁሉ የሚያሰጋው ትንሿ ክብ ባትሪ ናት። ከተዋጠች በ2 ሰዓት ውስጥ የምግብ ቧንቧን ልታቃጥል ትችላለች። ስለዚህ በቁልፍ የሚዘጋ የባትሪ ክዳን ያለው መሣሪያ መጠየቅ፣ ያገለገለውንም ባትሪ ልጅ ከማይደርስበት ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ልጁ መዋጡ ከተጠረጠረ ለማስታወክ ሳይሞከር፣ በሰገራ ይወጣል ተብሎም ሳይጠበቅ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። ከአንኮበር ደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል በመሆኑ መጓጓዣ መፈለግ የሚጀመረው በዚያው ቅጽበት ነው።

የመስማት ጥርጣሬ ያለባቸው ወላጆች በቀበሌያቸው ጤና ኬላ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ሊያነጋግሩ ይችላሉ። መሣሪያ ያላቸው ለክትትል ሲሄዱ መሣሪያውን ይዘው፣ ልጁ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚያደርገውም ለባለሙያው ይንገሩ።