የመማሪያዋን ሰዓት ማን ይሰጣታል?

ሀገራችን አዋቂዎችን ማስተማር ከጀመረች ቆይታለች። በ1940ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ “ብርሃንህ ዛሬ ነው” የሚባል የጎልማሶች ትምህርት ቤት ነበር። በ1948 ዓ.ም. ደግሞ ዕድሜው ከ18 እስከ 50 የሆነና ማንበብ የማይችል ሁሉ ፊደል እንዲቆጥር መንግሥት ጥሪ አደረገ። ጥሪ ብቻውን ግን ከጎህ እስከ ምሽት ሥራ ላይ ለምትውል ሴት ሰዓት አይሆናትም።

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። “የተማረ ያስተምር፣ ያልተማረ ይማር” ተባለ፤ ትምህርቱም ቀስ በቀስ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ። እ.ኤ.አ. በ1980 ዘመቻው በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ሽልማት አገኘ። በፖለቲካ ቅስቀሳው ይወቀሳል። ሆኖም ትምህርቱ ቀበሌ ድረስ ስለመጣ፣ ብዙ እናቶች ከጓዳ ወጥተው ደብተር ያዙ።

ዛሬም ሰው በየዕድሜው የሚማርበት ምክንያት አለው። ወጣቷ ያቋረጠችውን ክፍል ጨርሳ የተሻለ ሥራ ትፈልጋለች። እናት የልጇን የቤት ሥራ ማየት፣ በቁጠባ ደብተሯ ላይም ጣት ከማተም ይልቅ መፈረም ትሻለች። አሮጊቷ ዳዊቷን ራሷ መድገም ትመኛለች።

አሠሪውስ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የትምህርት ፈቃድንና የገንዘብ ድጋፍን ለኅብረት ስምምነት ወይም ለሥራ ደንብ ይተወዋል። ማኅበር ያላት የፋብሪካ ሠራተኛ ተደራድራ ልታገኘው ትችላለች። የቤት ሠራተኛ ግን በዚህ አዋጅ አትሸፈንም። የማታ ትምህርቷ በአሠሪዋ በጎ ፈቃድ ላይ የቆመ ነው።

ያቺ አሠሪ ደግሞ ብዙ ጊዜ እኛው ነን። በስብሰባ ስለ ሴቶች መብት ተናግረን ቤት ስንገባ፣ “ዛሬ እንግዳ አለ፣ ነገ ትሄጃለሽ” እንላለን። ነገም ሌላ እንግዳ ይመጣል፤ ዓመቱም እንዲሁ ያልፋል።

ስለዚህ በልደታ ያለን አባላት ከቤታችን እንጀምር። ስንቀጥር የትምህርት ሰዓቷን አብረን እንወስን፤ ራቱ ቀደም ብሎ ይሠራ፤ ደብተር እንግዛላት፤ በፈተና ሳምንት ሥራ እናቅልላት፤ ማታ ስትመለስም በሰላም መግባቷን እንከታተል። ለጋሾቻችንም መጽሐፍ ስትሰጡን ከመጽሐፉ ጋር ሰዓት እንደሚያስፈልግ አስቡልን። በ1948ቱ ጥሪ የጎደለውን ሰዓት ዛሬ እኛ መስጠት እንችላለን።