በክላሲካል ሙዚቃ ያላገጡ ሸክላዎች

በክላሲካል ሙዚቃ ላይ የሚያላግጡ ሸክላዎች በአሜሪካና በእንግሊዝ በብዛት የወጡት፣ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ከ1940ዎቹ እስከ 1960ዎቹ ባሉት ዓመታት ነው። በሙዚቃ መቀለዱ ራሱ ግን ከሸክላ በፊት የነበረ ነው። ሞዛርት እንኳ በ1787 ሆን ብሎ ስህተት የሞላበት ድርሰት ጽፎ በዘመኑ ቀሽም ደራሲዎች ተሳልቋል። ሸክላ ይህን ቀልድ ከአዳራሽ አውጥቶ ቤት ለቤት አደረሰው፤ የሸክላው ርዝመት ደግሞ የቀልዱን ዓይነት ወሰነው።

የቀድሞው ሸክላ በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞር ሲሆን አንዱ ገጽ የሚይዘው ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ነበር። አንድ ሲምፎኒ በበርካታ ሸክላዎች ተከፋፍሎ ይሸጥ ስለነበር ይህ ጥበት ለክላሲካል ሙዚቃ አልተመቸም። በ1911 በካሊፎርኒያ የተወለደው የከበሮ ተጫዋች ስፓይክ ጆንስ ግን ተጠቀመበት። ሲቲ ስሊከርስ የተባለው ባንዱ በ1942 በሂትለር ላይ በሚያፌዝ ዘፈን ስሙ ከገነነ በኋላ ፊቱን ወደ ታላላቆቹ ድርሰቶች አዞረ።

ከእነዚህ ሁሉ የሚታወቀው በ1948 የወጣው የሮሲኒ «ዊልያም ቴል» ነው። ዜማው በማድ ቤት ዕቃ ድምፅ ይጀምርና ወደ ፈጣኑ ክፍል ይሸጋገራል። አሜሪካዊው አድማጭ ይህን ክፍል የሚያውቀው በሬዲዮ ተከታታይ ድራማ መግቢያነት፣ ከፈረስ ግልቢያ ጋር ነበር። ጆንስም በዚያው ላይ የፈረስ እሽቅድምድም አዘጋጀበት፤ ዱድልስ ዊቨር የተባለው ኮሜዲያን ውድድሩን ትንፋሽ በሚያሳጥር ፍጥነት ያስተላልፋል፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጭራ ሆኖ የቆየው ፈረስ በስተመጨረሻ አሸናፊ ተብሎ ይታወጃል። ሽጉጡ፣ ክላክሱና ቃጭሉ እንዳጋጣሚ የሚጮሁ ቢመስሉም እያንዳንዳቸው በምቱ ላይ በትክክል ያርፋሉ፤ ቃጭሎቹም በኖታ የተቃኙ ነበሩ።

በዚያው በ1948 ኮሎምቢያ ኩባንያ በደቂቃ 33⅓ ጊዜ የሚዞረውን ረጅም ሸክላ ለገበያ አቀረበ። አንዱ ገጽ ከሃያ ደቂቃ በላይ ስለሚይዝ አሁን ቀልዱ ታሪክ ሊተርክ ቻለ። ለንደን የተወለደችውና ሙዚቃ በትምህርት ቤት የተማረችው አና ራስል፣ በ1953 በወጣው ሸክላዋ የዋግነርን የአራት ኦፔራዎች ዑደት «የኒበሉንግ ቀለበት»ን አብራርታለች። መድረክ ላይ አሥራ አምስት ሰዓት ያህል የሚወስደውን ሥራ ፒያኖ እየነካካች፣ በአስተማሪ ቃና በሃያ ደቂቃ አካባቢ ትጨርሰዋለች። የምትናገረው ሁሉ በኦፔራው ውስጥ ያለ ነው፤ የሚያስቀው የአማልክቱ ቤተሰብ ጉድ በተራ አነጋገር በተነገረ ጊዜ ነው።

በእንግሊዝ ደግሞ ከናዚ ጀርመን በልጅነቱ የሸሸው ሠዓሊና የቱባ ተጫዋች ጄራርድ ሆፍኑንግ በኅዳር 1956 በለንደን ሮያል ፌስቲቫል ሆል ሙሉ የቀልድ ኮንሰርት አዘጋጀ፤ ኮንሰርቱም በሸክላ ወጣ። ማልኮም አርኖልድ ለዚያ ምሽት የጻፈው መክፈቻ ከኦርኬስትራው ጋር ሦስት የኤሌክትሪክ ምንጣፍ መጥረጊያ፣ አንድ የወለል መወልወያ ማሽንና አራት ጠመንጃ ይፈልጋል፤ ጠመንጃዎቹ በመጨረሻ ማሽኖቹን ተኩሰው ጸጥ ያሰኟቸዋል። ፍራንዝ ራይዘንሽታይን ባቀናበረው ሌላ ሥራ ኦርኬስትራው የቻይኮቭስኪን ኮንቼርቶ ሲጀምር ፒያኖ ተጫዋቿ የግሪግን ካልሆነ አልጫወትም ብላ ትሟገታለች። በዘመኑ ወደር ያልነበረው የሆርን ተጫዋች ዴኒስ ብሬይንም በውሃ ማጠጫ ጎማ ኮንቼርቶ ተጫውቷል።

ሆፍኑንግ በ1959 ሞተ፤ ፒተር ሺክሌ ደግሞ በ1965 በኒው ዮርክ ታውን ሆል ፒ.ዲ.ኪው. ባኽን ለሕዝብ አስተዋወቀ። ይህ ሰው በሺክሌ ፈጠራ የዮሐን ሰባስቲያን ባኽ የመጨረሻና እርባና ቢስ ልጅ ነው። ሺክሌ በጁሊያርድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የተማረ ደራሲ ስለነበር ሥራዎቹ የዘመነ ባሮክን ሕግ ጠብቀው እየሄዱ ድንገት ይስታሉ። የቤትሆቨንን አምስተኛ ሲምፎኒ በስፖርት ጋዜጠኞች ዘገባ አጅቦ ያቀረበው ቅጂም የጆንስን የፈረስ ውድድር ፈለግ የተከተለ ነው።

የእነዚህ ሸክላዎች ቀልድ የሚሠራው አድማጩ ዋናውን ድርሰት ሲያውቅ፣ ተጫዋቹም ዋናውን በትክክል መጫወት ሲችል ብቻ ነው። ሙያው ከጊዜ በኋላ እውቅና አግኝቷል፤ አር.ሲ.ኤ. ኩባንያ በ1971 የጆንስን የክላሲካል ቀልዶች ሰብስቦ ሲያወጣ፣ የኦፔራ ዘፋኙ የካሩሶና የኦርኬስትራ መሪው የቶስካኒኒ ሥራዎች በታተሙበት በቀይ ማኅተሙ ሥር አውጥቷቸዋል።